ከአንድ ቀን በቀር

ስለ ሚስቴ ነው የማወራው። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ሊለኝ ያሰበ ካለ አሁኑኑ ይበለኝና እንገላገል። አዎ፣ ባሏ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባሏ ነኝ። ከእኔ በላይ የሚያውቃት ካለ ይምጣ፣ ወንበሩን እለቅለታለሁ።

የምንሠራው አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እኔ ታች፣ እሷ ላይ። እኔ የማይክሮስኮፕ ጠጋኝ ነኝ። ሌንስ እወለውላለሁ፣ የላላ ብሎን አጠብቃለሁ፣ ተማሪ የሰበረውን መስታወት እቀይራለሁ፤ «እኔ አልሰበርኩትም» ሲሉኝም ያመንኩ መስዬ አልፋለሁ። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ብርሃን የሚያጠኑት አሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የዕፅዋትን ዘረመል፣ ከእናት ተክል ወደ ልጅ ተክል የሚወርደውን ውርስ ማለት ነው፣ የሚመረምሩት ናቸው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የቅጠል ቁራጭ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብተው ሕዋስ ሲቆጥሩ የሚውሉት። እነዚህ ሦስቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላም ከመባባል በስተቀር ምንም አያገናኛቸውም ነበር፤ አንዲት ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ፕሮፌሰር መጥታ «ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ ትሠራላችሁ» እስክትላቸው ድረስ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ተክሎቹ የሚያድጉበት የመስታወት ቤት አለ። እሱ የሚስቴ ግዛት ነው።

ሕንፃው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ዳኛዋ» ነው የሚሏት። ዝም ብሎ የወጣ ስም እንዳይመስላችሁ። ዘጠኝ ልጆች ባሉበት ቤት ሰባተኛ ሆና ነው የተወለደችው። ዘጠኝ ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ብርድ ልብስ! ወለሉ ላይ ተደርድረው ነው የሚተኙት፤ በሩ ጋ የደረሰው ብርዱን ይጠጣል፣ መሐል የደረሰው ይሞቀዋል። ታዲያ እናታቸው በየምሽቱ «ፈቀቅ!» ትላለች። ሁሉም አንድ ቦታ ይሸጋሸጋል፤ ትናንት ግድግዳው ጋ የነበረው በሩ ጋ ይመጣል። ልመናም ለቅሶም አይሰማም። «በዘጠኝ ቀን አንዴ በርዶን አደግን፤ በዘጠኝ ቀን አንዴ የበረደው ሰው ደግሞ ወንድሙን አይጠላም» ትላለች ሚስቴ። እኔ ብቸኛ ልጅ ነኝ፣ ይሄ ነገር መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አሁን በደንብ ገብቶኛል፤ አልጋችን ላይ እንኳ አንድ ወር በግድግዳው በኩል፣ አንድ ወር በመስኮቱ በኩል ነው የምተኛው። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ካገኘች ግማሽ መንገድ ላይ ትነሳና አጠገቧ የቆመውን ሰው «እኩሌታውን እኔ ተቀምጫለሁ፣ እኩሌታው ያንተ ነው» ትለዋለች። ሰዉ የሚገባበት ይጠፋዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለችን ሴት የመስታወት ቤት ጠባቂ አድርገው ቀጠሯት። መሐል ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ በጠርዙ ዙሪያ ሃያ አራት የአበባ ማሰሮ ይደረደርበታል። በአንዱ በኩል ያሉት ፀሐይ እንደ ልብ ያገኛሉ፤ በሌላው በኩል ያሉት ከጎን ከቆሙት ትልልቅ የውሃ በርሜሎች ጥላ ሥር ናቸው። ሚስቴ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን «እነዚህስ ምን አጠፉ?» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ትገባለች፣ «ፈቀቅ!» ትላለች፣ ሃያ አራቱንም አንድ በአንድ ወደ ቀኝ አንድ ቦታ ታሸጋሽጋለች። እሑድም አትቀርም። «እሑድ እኮ ነው፣ እረፊ እንጂ» ብላት «ፀሐይ እሑድ ትቀራለች?» ብላኝ እርፍ። ይህን ከእኔ በስተቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን አቧራ እንደ መጥረግ ነበር የምቆጥረው።

አሁን ይማርህ ይግባ። ይማርህ የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። ዕፅዋት እያጠና ዕፅዋት የሚያስነጥሰው ብቸኛ ፍጡር ስለሆነ፣ እኛም ቀኑን ሙሉ «ይማርህ» ስንለው ስለምንውል፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። የመስታወት ቤቱ በር ሲከፈት ገና ከደረጃው ያነጥሳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም። በየሳምንቱ ሚስቴ ከየማሰሮው አንድ አንድ ቅጠል ትቆርጥና፣ የማሰሮው ቁጥር በተጻፈበት ትንሽ ዕቃ አድርጋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ታወርድለታለች። «ተቀበል ልጄ» ስትለው ያነጥሳል፣ «ይማርህ» ትለዋለች፣ «ያኑርሽ እትዬ» ይላታል፤ ሥራቸው ይኸው ነው።

ጥናቱ ስለ ባቄላ ነበር። አሥራ ሁለቱ ማሰሮ ውስጥ ተራ ባቄላ፣ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ደግሞ አንዲት ዘረመሏ የተለወጠ ባቄላ። ይማርህ ማወቅ የፈለገው ጥላ ውስጥ የትኛዋ ትበረታለች የሚለውን ነው፤ ይህንንም በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ያሉትን፣ ብርሃን እየተቀበሉ ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጁትን አረንጓዴ ቅንጣቶች ቆጥሮ ሊያረጋግጥ ነው። ለዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያገኝ መለካት አለበት። መለኪያዎቹን ማን ተከላቸው? እኔ! ሃያ አራት «ዓይኖች» (እኔ እንደዚያ ነው የምላቸው) በገዛ እጄ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰካሁ፣ ለየቦታው ቁጥር ጻፍኩ። ማሰሮ ቁጥር አንድ ቦታ ቁጥር አንድ ላይ፣ ሁለት ሁለት ላይ፣ እያለ ይሄዳል። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ውሃ ታጠጣ ነበር። ማሰሮዎቹ ሰባ ሁለት ቀን ሙሉ ከቦታቸው ንቅንቅ እንዳይሉ የነገራት የለም። ይማርህ ተክል አይራመድም ብሎ ይሆናል። እኔስ? እኔ ስለ ሽቦዬ ሳስብ ነበር። ወይ ጉድ!

በአርባ አንደኛው ቀን ልጃችን ምጥ ያዛት። ሚስቴ ሳይነጋ አብራት ሐኪም ቤት ገባች። ጠዋት ደወለችልኝ፤ እኔ ስለ ልጄ ልትነግረኝ ነው ብዬ ልቤ ተንጠልጥሏል፣ እሷ «ሂድና ፈቀቅ አድርጋቸው። ወደ ቀኝ፣ አንድ ቦታ። እንዳትረሳ» አለችኝ። «እሺ» አልኩ። ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወጥቻለሁ፣ እውነቴን ነው። ግማሹ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ሴት ልጅ ተወለደች! ጋዋኔን ሳላወልቅ፣ ብሎን መፍቻዬን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ ወደ ሐኪም ቤት በረርኩ። ስደርስ ሚስቴ ሕፃኗን አሳቀፈችኝና «ፈቀቅ አደረግካቸው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ሕፃኗ አውራ ጣቴን ይዛ፣ ያቺ «አዎ» ሾልካ ወጣች። ለባቄላ ብዬ ያን ሰዓት ላበላሸው?

ሰባ ሁለቱ ቀን አለቀ፤ ይማርህ ቆጠረ፣ ደመረ፣ አነጻጸረ። ጥላ ውስጥ ያለው ባቄላና ፀሐይ ላይ ያለው ባቄላ ምንም ልዩነት የላቸውም! መጀመሪያ በደስታ ሰከረ። «ባቄላ ብርሃን አያስፈልገውም!» እያለ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባ። ፕሮፌሰሯም ወረቀቱን አየት አድርጋ «እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አልጋህ ሥር ዝራው» አለችው። ልጁ እንደ ጎማ ተነፈሰ። መመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ አምስተኛ ዓመቱ ነው፣ ሌላ ዓመት አይጨምሩለትም። ያን ማስረከብ ካልቻለ አምስት ዓመት ማስነጠስ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው።

በማግሥቱ እኔ ጋ መጣ። «ጋሼ፣ መለኪያዎችህ ዋሽተዋል» አለኝ።

ደሜ ፈላ! በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ዕቃዬ ዋሽቶ አያውቅም። «የእኔ ዓይኖች አይዋሹም፣ አንተ ነህ መቁጠር የማትችለው!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ከዚያ አሳዘነኝና ውሃ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጣሪያው ላይ ሆኜ ሃያ አራቱንም ነቅዬ፣ በመብራት ፈትሼ፣ መልሼ ሰካሁ። ሁሉም ልክ ናቸው። የመጨረሻውን ስሰካ ቀና ብል ቦታ ቁጥር አምስት ላይ ማሰሮ ቁጥር አንድ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ነው ሚስቴ ትዝ ያለችኝ። ፈቀቅ!

ማታ እራት ላይ ነገርኳት። የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። «ልጁን ገደልኩት በለኛ» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ፈራሁ። ጥናት ያበላሸ ሠራተኛ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። «ማንም አላየሽም። መለኪያው ተበላሽቶ ነው እላለሁ፤ ጥፋቱ በእኔ ይሁን። ዝም አይነቅዝም» አልኳት።

«ዝም አይነቅዝም አልክ? የልጁ ልፋት ግን ይነቅዛል» አለችኝ።

ጠዋት፣ ሰባ ስምንተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች። መጀመሪያ ግን ወደ ላይ ወጥታ ማሰሮዎቹን ፈቀቅ አደረገች! «አሁንም?» ብላት «እነሱ ምን አደረጉ?» አለችኝ። ከዚያ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባን። ይማርህ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቴ ሳትቀመጥ፣ ከእናቷ ብርድ ልብስ ጀምራ እስከ ባቄላው ድረስ፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም። እኔን እንዳሻዎት ያድርጉኝ» ብላ ጨረሰች።

ፕሮፌሰሯ «በየቀኑ ነው?» አለች።

«በየቀኑ።»

«ወዴት በኩል?»

«ወደ ቀኝ።»

«ስንት ቦታ?»

«አንድ። ሁለት ከሆነማ ተራ ተዛባ አይደል እንዴ?»

«ሰባ ሁለቱንም ቀን?»

«እናቴ ትሙት!»

ፕሮፌሰሯ እጇን በአፏ ጫነች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቀች ነው። «ወንበር ስጧት!» አለች፤ ከዚያ ደንግጣ «ወንበር ስጧቸው፣ ይቀመጡ እንጂ!» ብላ አስተካከለች። ነገሩን እኔ እንኳ እንዲገባኝ አድርጋ አስረዳችን። ሃያ አራት ቦታ፣ ሰባ ሁለት ቀን፤ እያንዳንዱ ማሰሮ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ሦስት ቀን ተቀምጧል። ሁሉም እኩል ፀሐይ፣ እኩል ጥላ ቀምሷል ማለት ነው። «ስለዚህ አሁንም በመሐላቸው ልዩነት ካለ፣ ልዩነቱ የቦታ አይደለም፤ የዘር ነው። በቦታ ቁጥር መደርደሩን ተወውና በዘር ደርድረው» አለችው ይማርህን። ልጁ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ዘረመሏ የተለወጠው ባቄላ ሕዋሶቿ ውስጥ ያሉት አረንጓዴ ቅንጣቶች ከተራዋ ባቄላ በእጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። አሥራ ሁለቱም! ፀሐይ የሞቀው ልዩነት ነው፤ በቦታ ሲደረድረው ተደባልቆ ተሸፍኖበት ነው እንጂ።

«ግን ፈታኞቹ ይጠይቁሃል» አለች ፕሮፌሰሯ፣ «አንድ ቀን እንኳ ጎድላ ከሆነ ማወቅ አለብን።» ወረቀት ላይ አሰላች። ተራው ካልተዛባ ዛሬ ጠዋት ማሰሮ ቁጥር አንድ ቦታ ቁጥር ስድስት ላይ መገኘት አለበት። ይማርህ ማስነጠሱን ረስቶ ወደ ጣሪያው ሮጠ። ሁለት ፎቅ ወደ ታች ድረስ ሲያነጥስ ይሰማናል፤ «ስድስት! አጥሺው! ስድስት ላይ ነው!» እያለ ተመለሰ። ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ሊሆን አይችልም። አርባ አንደኛው ቀን ጎድሏል፤ ማሰሮው አምስት ላይ ነው መገኘት ያለበት። ስሌቱ ልክ ሆኖ ተገኘ፣ ማንም አልጠረጠረ፣ ዝም ብል ታሪኩ እዚያው ያልቃል። ዝም አይነቅዝም ያልኩት እኔው አይደለሁ? ሚስቴን አየኋት። በሠርግ ቀሚሷ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ለባቄላ ተራ ያላዛባች ሴት!

«አንድ ቀን ጎድሏል» አልኩ። «የልጅ ልጄ የተወለደች ቀን። አደራ ብላኝ ነበር። አላደረግኩትም፤ አድርጌያለሁ ብዬም ዋሸኋት። እንዴት ስድስት ላይ እንደተገኘ እኔ አላውቅም።» አንገቴን ደፋሁ።

ሚስቴ ዞራ እንኳ አላየችኝም። «አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ማግሥቱን ስገባ አፉ የተሸረፈው አንዱ ማሰሮ በር በሩን እያየ፣ እኔ ትቼው በሄድኩበት ቦታ ላይ ነው። ሁለቴ ፈቀቅ አደረግኳቸውና ተራቸውን አስያዝኳቸው።» ወደ ፕሮፌሰሯ ዞረች፤ «ሳልናገር የቀረሁት ባሌ ነው ብዬ ነው። ሁሉም ማሰሮ አንድ ቦታ ላይ አንድ ቀን ተርፎታል፣ ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ አንድ ቀን ጎድሎታል። እሱን ይጻፉት።»

ፕሮፌሰሯ ጻፈች። እኔ ግን አልቻልኩም፤ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንቺ ሴት፣ ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተቆጣሽኝም?» አልኳት።

«አያት በሆንክበት ቀን ልቆጣህ?» አለችኝ።

እኔ በሕዝብ ፊት እንባ የማወጣ ሰው አይደለሁም። ይማርህ እንዳነጠሰ ሁሉ እኔም አነጠስኩ ብዬ መሐረቤን አወጣሁ። «ይማርህ» አለችኝ ሚስቴ፤ እያወቀች!

ልጁ ተመረቀ። ከተመረቀ በኋላ ፕሮፌሰሯ የጥላውን ጥያቄ እንደገና አስጀመረች፤ በዚህኛው ዙር ማሰሮዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቀው «አይነካም» የሚል ተለጠፈባቸው። ያ ሰባ ሁለት ቀን ለሚስቴ የግዞት ዘመን ነበር። በርሜሎቹ ጥላ ሥር ያሉትን «አይዟችሁ፣ ለትምህርት ነው» እያለች ስታባብላቸው ሰምቻታለሁ። ቤት ደግሞ ንዴቷን እኔ ላይ ተወጣችው፤ አልጋው ላይ በየሳምንቱ ሆነ ፈቀቅታው።

ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ ይማርህ ራሱ መጽሔቱን ይዞ ቤታችን መጣ። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ እሷን የሚመለከተውን ፈልጎ እየተረጎመ አነበበላት። «ማሰሮዎቹ ከአንድ ቀን በቀር በየማለዳው ወደ ቀኝ አንድ ቦታ ፈቀቅ ተደርገዋል።»

ሚስቴ ጠበቀች። «ከዚያስ?»

«በቃ። ይኸው ነው እትዬ።»

«ሰባ ሁለት ቀን ወገቤ ተቆርጦ፣ አንድ መስመር?»

ገጹን ቅጂ አስነስቼ የሥራ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ «ከአንድ ቀን በቀር» የምትለዋን በቀይ አሰመርኩባት። ማይክሮስኮፕ ሊያስጠግን የሚመጣ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እኔም «ይቺ እኔ ነኝ፤ በሳይንስ ውስጥ ያለኝ ድርሻ ይቺ ናት» እለዋለሁ፤ ይስቃል። ባለፈው ሳምንት ሚስቴ የልጅ ልጃችንን አቅፋ ክፍሌ መጣች። ልጅቷ መራመድ ጀምራለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ትጎትታለች። እኔም እንደ ልማዴ ወደ ግድግዳው እያሳየሁ «አየሽ፣ ይቺ እኔ ነኝ» አልኳት።

ሚስቴ ልጅቷን ከፍ አድርጋ፣ ትንሿን ጣቷን ይዛ ቀዩ መስመር ላይ አስቀመጠችና «አንተ አይደለህም። እሷ ናት» አለችኝ።

ዳኛዋ ፈርዳለች፤ ይግባኝ የለውም።